ቀለበቱና ካስማው፦ ስለ አንገታችን ጥቂት

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሲያትል ውስጥ በምህንድስና ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ አንገት አጥንት ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአንድ ወዳጄ ልጅ ላይ የደረሰው ነው። ወጣቱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ሁለቱም እጆቹ ለጥቂት ደቂቃ ደነዘዙ። ዘመድ ሁሉ “ወለምታ ነው፣ የሚያሽ ሰው ይፈለግለት” አለ። እናቱ ግን እምቢ ብለው ራጅ አስነሡት። የታየው አዲስ ስብራት ሳይሆን ለዓመታት አብሮት የኖረ የአጥንት ጉድለት ነበር።

አንገታችን ሰባት አጥንቶች አሉት። የላይኛው፣ አትላስ የሚባለው፣ ጭንቅላትን የተሸከመ ቀለበት ነው። ከሥሩ ያለው አክሲስ ደግሞ እንደ ካስማ ወደ ላይ የቆመ ጥርስ መሰል አጥንት አለው። ካስማው በቀለበቱ ውስጥ ገብቶ በጠንካራ ጅማት ይያዛል። ፊታችንን ግራና ቀኝ ስናዞር ከዙረቱ ግማሽ ያህሉ የሚከናወነው እዚህ ነው። ከካስማው ጀርባ ህብለ ሰረሰር ያልፋል።

ካስማው ከተለያዩ ክፍሎች አድጎ በልጅነት ይገጣጠማል፤ ጫፉ የሚገጥመው በ12 ዓመት ገደማ ነው። አልፎ አልፎ ግን የላይኛው ክፍል ተነጥሎ ይቀራል። ይህ ኦስ ኦዶንቶይዲየም ይባላል። አመጣጡ ያከራክራል፤ ከፊሎቹ ሊቃውንት ከውልደት ነው ሲሉ፣ ሌሎች በሕፃንነት የደረሰ ያልታወቀ ስብራት ነው ይላሉ። ክሊፔልና ፌይል የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በ1912 (እ.ኤ.አ.) የገለጹት ደግሞ የአንገት አጥንቶች ተጣብቀው የሚወለዱበትን ነው። የተጣበቁት ስለማይንቀሳቀሱ ጫናው በጎረቤት መጋጠሚያዎች ላይ ይወድቃል።

ብዙ ሰው ይህን ይዞ ምንም ሳይሰማው ይኖራል። መጋጠሚያው የላላበት ሰው ግን በትንሽ ውድቀት ወይም በድንገተኛ ጥምዘዛ ህብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል። የእጅ መደንዘዝ፣ የአረማመድ መንገዳገድ፣ የማጅራት ሕመም ምልክቶቹ ናቸው። ሐኪሙ አንዳንዱን በክትትል ይይዛል፤ ለሌላው ሁለቱን አጥንቶች በብሎን ያጋጥማል። ያኔ አንገት ጥንካሬ ያገኛል፣ ከዙረቱ ግን ብዙ ያጣል።

ወጌሻን አልንቅም፤ ብዙዎቻችን በወጌሻ እጅ ድነን አድገናል። ነገር ግን ውስጡ ያልታየ አንገት አይጠመዘዝም። በአገራችን የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ብርቅ እንደነበረ ለመረዳት፣ አዲስ አበባ የሠሩት ዶክተር ሪክ ሆድስ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጀርባቸው የጎበጠ ታማሚዎችን ጋና ድረስ ይልኩ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። እዚህ ያለነው ግን ራጁ በደጃችን ሳለ “ይታሽ” እንላለን።

ማንም መሐንዲስ ካስማውን ሳያይ ድልድይ ላይ ጭነት አያሳልፍም። አባቶቻችንም ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል።