የአየር መለኪያዎ ቁጥር ዝቅ ቢልም ከመኪና ጭስ ይጠንቀቁ

አስም ካለብዎት በቤትዎ አነስተኛ የብናኝ መለኪያ ሊኖርዎት ይችላል። መሣሪያው ብናኝን የሚለየው በብርሃን ነው። ከናፍጣ ሞተር ከሚወጡት ብናኞች አብዛኞቹ ከ0.1 ማይክሮን ያነሱ ስለሆኑ አያያቸውም። እርጥበት ሲበዛ ደግሞ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል።

ማድረግ ያለብዎት፦

• መለኪያዎን ከቤት ውጭ አስቀምጠው፣ ቁጥሩን ለጥቂት ቀናት በኤርናው ድረ ገጽ ላይ ከሚወጣው በዳላስ–ፎርት ዎርዝ ለእርስዎ ቅርብ ከሆነው የመንግሥት ጣቢያ ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ።
• በጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስተው አይቆዩ። የብናኝ መለኪያ ገዳዩን ካርቦን ሞኖክሳይድ አይለካም።
• ትንፋሽ ካጠረዎት ቁጥሩን አይጠብቁ። ከጭሱ ይራቁ፤ ሐኪም ያዘዘልዎትን ማስታገሻ ይውሰዱ። ካልተሻለዎት ወደ 911 ይደውሉ።