በውርጭ የሚያብበው ሄሌቦር

በጥር፣ ሌሊቱን ውርጭ ሲመታ ካደረ በኋላ ወደ አንድ የእንግሊዝ አትክልት ስፍራ ጎራ ያለ ሰው ሄሌቦሮቹ አልቀዋል ቢል አይፈረድበትም። አገዳቸው ተልፈስፍሶ፣ አበባቸው መሬት ላይ ተነጥፎ ሲታይ የፈላ ውኃ የተደፋባቸው ይመስላሉ። ረፋዱ ላይ አየሩ ሞቅ ሲል ግን አንድ በአንድ ቀና ይላሉ። ብርዱ ሲበረታ ከሴሎቻቸው ውኃ ስለሚወጣ አገዳው ጥንካሬውን ያጣል፤ ውኃው እዚያው ሴሉ ውስጥ በረዶ ቢሆን ኖሮ ሴሉን በጣጥሶ ይገድለው ነበር።

ሄሌቦር ወደ 20 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የባልካን አገሮች ተወላጆች ሲሆኑ አንዱ ብቻ ርቆ ቻይና ይገኛል። ነጩ የአልፕስ ተራሮች ዝርያ «የገና ጽጌረዳ»፣ ከቱርክና ከካውካሰስ የመጣው ደግሞ «የዐቢይ ጾም ጽጌረዳ» ይባላሉ፤ ከጽጌረዳ ጋር ግን አይዛመዱም።

በዚያ ብርድ ማን ሊያዳቅላቸው ይመጣል? ባምብልቢ የተባሉት ወፍራም ጸጉራም ንቦች ይመጣሉ፤ ሲመጡም እርሾ ይዘው ነው። ስፔናውያኑ ተመራማሪዎች ካርሎስ ኤሬራና ማሪያ ፖሶ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሽታው በሚከረፋው የሄሌቦር ዝርያ ወለላ ውስጥ የሚራባው እርሾ ስኳሩን ሲያብላላ ሙቀት ይፈጠራል፤ የወለላው ቋትም ከአካባቢው አየር እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊሞቅ ይችላል። ንቦቹ እርሾ ያለበትን አበባ ይመርጣሉ። ይሁንና እርሾው ስኳሩን በልቶ ነው የሚያሞቀው፤ በኋላ የወጣ የዚሁ ቡድን ጥናት እንዲያውም እርሾ የበዛባቸው አበቦች ዘራቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ውለታው የማን እንደሆነ መፍረድ ቀላል አይደለም።

ሰው አበባ ብሎ የሚያደንቀው ክፍልም ቢሆን ተራው የአበባ ቅጠል አይደለም። እምቡጡን ሸፍነው የኖሩት የውጭ ቅጠሎች ናቸው ያሸበረቁት፤ እውነተኞቹ የአበባ ቅጠሎች ተጠቅልለው ትንንሽ የወለላ ቀንዶች ሆነዋል። የውጮቹ ቅጠሎች ቶሎ ስለማይረግፉ ሄሌቦር ለሳምንታት ያማረ ይመስላል፤ ከተዳቀለ በኋላም አረንጓዴ ለብሰው ለዘሩ ምግብ ያዘጋጃሉ። ብዙዎቹ አበቦች ወደ መሬት ማጎንበሳቸው ደግሞ ብናኙን ከዝናብና ከበረዶ ይከልልላቸዋል። አዳቃዮች ቀና የሚሉትን ለማውጣት ብዙ ደክመዋል፤ ይሁን እንጂ አገጩን በጣት ቀና አድርጎ ውስጡን ማየትን የመሰለ ደስታ የለም።

ከዘር ማብቀል የሚፈልግ ሰው ጉንዳን የምታደርገውን ማየት ይበጀዋል። እያንዳንዱ ጥቁር ዘር ጫፉ ላይ ቅባታማ ነጭ ጉብታ አለው። ጉንዳኗ ዘሩን ወደ ቤቷ ትወስድና ጉብታውን በልታ የቀረውን ትጥለዋለች፤ ዘሩ በዚህ መንገድ በበጋ መግቢያ ላይ፣ ገና ሳይደርቅ አፈር ያገኛል። ፅንሱ ዘሩ ሲወድቅ ገና ስላልዳበረ በመጀመሪያ የሞቁ ሳምንታት፣ ቀጥሎም ብርድ ያስፈልገዋል። እንደወደቀ የተዘራው በዚያው ዓመት የብርድ ወራት ብቅ ሲል፣ ደርቆ በፓኬት ቆይቶ በሚያዝያ የተዘራው ከዓመት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። አበባ ለማየት ከዚያ በኋላም ሁለት ሦስት ዓመት መታገሥ ግድ ነው።

የሚስማማው ቦታ በብርድ ወራት ቅጠሉ ከሚረግፍ ዛፍ ሥር ነው፤ በጥር ፀሐይ፣ በሐምሌ ጥላ ያገኛል። አፈሩ ብስባሽ የበዛበት፣ ውኃ የማይቋጥር ይሁን። ቡቃያው የሚወጣበትን አንገት በጥልቀት መቅበር አበባ ያስቀራል። እምቡጡ ብቅ ሲል ያለፈው ዓመት ቅጠል ከሥሩ ይቆረጥ፤ ቅጠሉን የሚያጠቁረው የፈንገስ በሽታ የሚከርመው እዚያ ላይ ነውና።

ሲቆርጡ ጓንት ማድረግ አይረሳ፤ ፈሳሹ ቆዳ ይለበልባል፣ ሥሩም ልብን የሚጎዳ መርዝ አለው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፓውሳንያስ እንደተረከው፣ የኪራ ከተማን የከበቡት ሠራዊት የሄሌቦር ሥር ወንዝ ውስጥ ጨምረው ጠባቂዎቹን በተቅማጥ ከቅጥሩ አስለቅቀዋቸዋል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ጓሮዎች አጋዘን ሌላውን ሁሉ ግጦ ሄሌቦርን የሚያልፈውም በዚሁ መርዝ የተነሳ ነው። ክሽክሽ ግን አይፈራውም፤ «ጥቁር ሞት» የተባለውን ቫይረስ የሚያዛምተውም እርሱ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። አገዳውና የቅጠሉ ሥር ላይ ጥቁር ሰንበር ከታየ መድኃኒት የለውም፤ ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ይወገዳል እንጂ ብስባሽ ክምር ውስጥ አይጨመርም።