መኪናን ዝቅ ማድረግና ዋጋው

ከቦሌ መንገድ ዳር ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የሚመለከት ሰው ይህን ትርኢት ማየቱ አይቀርም። ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፣ ሆዷ አስፋልቱን ሊስም ጥቂት የቀረው አንዲት መኪና ትመጣለች። ከፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ስትደርስ ቀጥ ትላለች፤ ከዚያም ጎኗን ሰጥታ፣ በአንድ ጎማ ቀጥሎም በሌላው ጎማ እያለች፣ እንደ ነፍሰ ጡር ተጠንቅቃ ትሻገራለች። ከኋላዋ ያለው ባለታክሲ ክላክሱን ያንባርቃል። መሪውን የያዘው ወጣት ግን ግንባሩን እንኳ አይቋጥርም፤ ውበት ያለ ዋጋ እንደማይገኝ አስቀድሞ የተረዳ ይመስላል።

ይህን ወጣት ለመገሠጽ አልተነሣሁም። በሚገባ ዝቅ የተደረገች መኪና ለዓይን ታምራለች፤ በጠመዝማዛ መንገድም ላይ ጠበቅ ብላ ትሄዳለች። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከደመወዙ ቆጥቦ አሮጌ ኮሮላ የገዛ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለዚህ ሥራ ዕቃ ሲመርጥ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «ስንት ሳንቲም ትወርዳለች?» ይላል፤ ቀጥሎም «ስንት ብር ነው?» ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ይኸውም «ከወረደች በኋላ መንኰራኩሩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ስንት ሳንቲም ይቀረዋል?» የሚለው፣ ከቶ አይነሣም። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው ግን በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

ፋሽኑ የትናንት አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሎስ አንጀለስ የሚኖሩ የሜክሲኮ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ወጣቶች አሮጌ ሼቭሮሌ እየገዙ፣ በዕቃ መጫኛው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት በመጫን ወይም ሞላውን በመቍረጥ ዝቅ ያደርጉት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የጸና አንድ ሕግ፣ ከተለወጠ መኪና አካል ማናቸውም ክፍል ከቸርኬው የታችኛ ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። በ1959 ሮን አጊሬ የተባለው ሰው በኮርቬት መኪናው ላይ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ገጠመና እንደ ፈለገ ከፍና ዝቅ የምትል አደረጋት፤ ከፖሊስ ፊት ሕጋዊ፣ ከፖሊስ ኋላ ቄንጠኛ ሆነች ማለት ነው። ሕጉ በ2024 መጀመሪያ ላይ ተሻረ። ቢሻርም ቅሉ ልኩ እስከ ዛሬ ድረስ ጥሩ ልክ ነው። ጎማ በድንገት ቢተነፍስ መኪናው የሚያርፈው በቸርኬው ጠርዝ ላይ ነውና፣ ከዚያ በታች የተንጠለጠለ የዘይት ቋት ወይም የፍሬን ቧንቧ ካለ ከአስፋልቱ ጋር የሚፋጨው እርሱ ይሆናል።

አሁን ወደ ሞላው እንምጣ። ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ አሞርዛተር የሞላውን መዝለል ያበርዳል። አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ ነው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም መንኰራኩሩ ወደ ላይ ሊወጣ የሚችልበት ቦታ 8 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። መኪናውን 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብናደርገው ቦታው በግማሽ ቀነሰ። ሞላ የሚውጠው ጉልበት በተጨመቀበት ርዝመት ካሬ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ ያንኑ ጉድጓድ በግማሹ ቦታ ለመዋጥ ሞላው አራት እጥፍ መጠንከር ይኖርበታል። አራት እጥፍ የጠነከረ ሞላ ደግሞ መኪናዋን እንደ በሬ ጋሪ ታንገጫግጭ ዘንድ ያስገድዳታል። ስለዚህ ልባም ሞላ ሠሪ በመጠኑ ያጠነክራል፤ ዝቅታውንም በመጠኑ ያደርጋል። ለዕለት ተዕለት መንገድ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ዝቅታ እኔ ልክ የምለው ነው። ለዓይን እርሱ ይበቃል፤ ለአዲስ አበባ ጉብታ ግን እርሱም ቢሆን ብዙ ነው።

ከጋራዥ ወደ ጋራዥ የሚዞረው ርካሽ ምክር «ሞላውን አንድ ዙር እንቍረጠው» የሚለው ነው። የሥራው ዋጋ አነስተኛ ነውና ያማልላል። ስድስት የሚሠራ ዙር ካለው ሞላ አንዱ ሲቈረጥ የቀረው ሞላ በ20 ከመቶ ይጠነክራል፤ ይህ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ጥንካሬው በ20 ከመቶ ሲያድግ የመንቀሳቀሻው ቦታ ግን ከዚያ በብዙ በሚበልጥ መጠን ያንሳል። ከዚህ በኋላ አራት ጓደኞች ተጭነው ወደ ደብረ ዘይት የሚወርዱ እንደ ሆነ፣ የኋላው ክፍል በየጉድጓዱ ማረፊያው ጎማ ላይ ጓ እያለ ያርፋል። ባረፈባት በዚያች ቅጽበት መኪናው ሞላ የለውም ማለት ነው፤ ይህም በመታጠፊያ ላይ ከሆነ ጎማው ከመንገዱ ይዘላል።

ሌላም አለ። የተቈረጠ ሞላ አጭር ስለ ሆነ፣ መንኰራኩሩ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ሞላው ይላላል፤ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በእሳት አግለው የሚያሳጥሩትማ ከዚህ የባሰ ነገር ይሠራሉ። የሞላ ብረት ጠባዩን ያገኘው ከፋብሪካው ሙቀትና ማቀዝቀዝ ነውና፣ በጋዝ እሳት የጋለው ክፍል ያን ጠባይ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ወይ እየሰመጠ ይሄዳል ወይ ይሰበራል።

እንግዲህ ገንዘቡ በምን ላይ ይውል? የኔ ፍርድ ምናልባት የቄንጠኞቹን ልብ ያስቀይም ይሆናል። ኪስ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ፣ የመኪናው ሞላ እንዳለ ይሁንና አራት ጤነኛ አሞርዛተሮች ይገዙ፤ ዝቅታው ለሌላ ዓመት ይቈይ። በተዳከመ አሞርዛተር ላይ አዲስ ጠንካራ ሞላ መግጠም መኪናዋን ፍየል ማድረግ ነው። ኪስ ለሁለቱም የሚበቃ ከሆነ ግን ሞላው ለዚያው መኪና ዓይነት፣ ለዚያው ሞተርና ለዚያው የአክስል ጭነት የተሠራ መሆኑን መመልከት ነው። አይባኽና ኤች ኤንድ አር የተባሉት የጀርመን ሞላ ሠሪዎች ሞላቸው ለየትኛው መኪናና እስከ ስንት ኪሎ የአክስል ጭነት እንደ ተፈቀደ የሚያሳይ ወረቀት አብረው ይሰጣሉ። ወረቀቱን የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው፤ ዋጋው ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

ከአሞርዛተርም በኩል የጃፓኑ ኬዋይቢ በዋጋም በአገልግሎትም መካከለኛ ነው። ኮኒ የተባለው የሆላንዱ ኩባንያ በ1857 ዓ.ም. የፈረስ ልጓም ማያያዣ በመሥራት እንደ ጀመረ ይነገራል፤ ዛሬ የሚሠራው አሞርዛተር ጥንካሬው ሊስተካከል የሚችል ነው፤ ዋጋው ግን የጀማሪ ሠራተኛን ደመወዝ አይራራለትም። ዝቅታው ከ3 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ ብዙ ጊዜ የመደበኛው ርዝመት አሞርዛተር ያገለግላል፤ ከዚያ ካለፈ አጭር ሆኖ የተሠራ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የአሞርዛተሩ ውስጥ ከታች እየተመታ ይፈርሳል። በጥርስ የሚሽከረከር ቀለበት ኖሮት ከፍታው እንደ ልብ የሚስተካከል፣ ስሙ ያልታወቀ ርካሽ ዕቃ በብዛት ይሸጣል። ወጣቶች የሚወድዱት በቀለሙና «እስከ ታች ድረስ ይወርዳል» ስለሚባል ነው። እስከ ታች ድረስ መውረዱ እኮ ነው ጥፋቱ።

ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት የሚያስብም አለ፤ አላፍርበትም፣ ብዙዎቻችን የምንኖረው በዚያ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ግድ ሆኗል። ታዲያ ያገለገለ አሞርዛተር ሲገዛ ዘንጉን እስከ መጨረሻ ጨምቆ መልቀቅ ነው። በመካከል ባዶ የሚል፣ ዘይት የሚያለቅስ፣ ወይም ዘንጉ በዝገት የተነቆረ ከሆነ ይቅር። ሞላ ሲሆን የግራውንና የቀኙን አቁሞ ርዝመታቸውን በሜትር መለካት፤ ቀለሙ ተፍቆ ዝገት የቦረቦረው ቦታ እንዳለም ማየት ያስፈልጋል፤ ሞላ የሚሰበረው ከእንዲህ ያለች ትንሽ ቍስል ጀምሮ ነውና። አንድ ጎን ብቻ መለወጥ አይሆንም።

ቮልስ ላላቸው ደግሞ የተለየ ወሬ አለኝ። ይህች አሮጌ ወዳጃችን ማምረቻዋ በ2003 በሜክሲኮ ከተዘጋ ወዲህም በከተማችን መንገድ ላይ እየሮጠች ነው። ከኋላ ሞላ የላትም፤ ሞላዋ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው። የዘንጉ የውስጥ ጫፍ 40 ጥርስ፣ የውጭው ጫፍ 44 ጥርስ አለው። የውስጡ አንድ ጥርስ 9 ዲግሪ ያዞራል፣ የውጭው ከ8 ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ፤ አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ በማዞር ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ልክ ከፍታዋን ማስተካከል ይቻላል። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ምስጋና ይገባዋል። የኋላውን ዝቅ ለማድረግ የሚገዛ ዕቃ የለም፣ የባለሞያ ጉልበት ብቻ ነው። ነገር ግን ዘንጉን የያዘው ክንድ ተወጥሮ የተቀመጠ ስለ ሆነ ከማረፊያው ሲለቀቅ እጅ ይሰብራልና፣ ለማያውቅ ሰው አይሰጥም። እስከ 1968 ድረስ በተሠሩት ላይ የኋላው እግር እንደ ክንፍ ስለሚወዛወዝ፣ አብዝተው ዝቅ ሲያደርጓት የመንኰራኩሮቹ ራስ ወደ ውስጥ ይጋደላል፤ ጎማው ከውስጥ በኩል ብቻ ያልቃል። ፊቷ ግን፣ ከ1302ና ከ1303 በቀር፣ በሁለት ቱቦ ውስጥ የተደረደረ ስስ ብረት ነው፤ ዝቅ ለማድረግ ቱቦው ተቈርጦ ማስተካከያ ይበየድበታል። ብየዳው ጠማማ ከሆነ መሪው ለዕድሜ ልክ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ወደ ኮሮላው እንመለስ። የፊቱን አብዝተን ዝቅ ስናደርግ፣ መንኰራኩሩን የሚይዘው የታች ክንድ ከአግድም አልፎ ወደ ላይ ይቀናል። ያን ጊዜ መኪናው የሚያጋድልበት ማዕከል ከመኪናው ክብደት ማዕከል ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ስለዚህ መኪናው ዝቅ ብሎ ሳለ በመታጠፊያ ላይ የበለጠ ያጋድላል። ብዙ ሰው ይህን አያምንም። አንዳንድ መኪናዎችም ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ አላቸው። መኪናው ሲወርድ ቫልቩ «ዕቃ ተጭኗል» ብሎ ይሳሳትና ለኋላ ጎማ ግፊት ይጨምራል፤ በዝናብ ጊዜ ኋላው ቀድሞ ይቈለፋል፣ መኪናውም ይዞራል። የእርስዎ መኪና ይህ ቫልቭ ካለው እንደ ገና ይስተካከል ዘንድ መካኒኩን አስቀድመው ይጠይቁ። የመብራቱም ብርሃን ከፊት ሲወርድ ወደ ጎማው ሥር እንዳይቀር አብሮ ይታይ።

የመግጠሙን ሥራ በተመለከተ፣ የተጨመቀ ሞላ የተያዘ ጉልበት ነው። መጠነኛ የሆነ ሞላ ሲጨመቅ የሚይዘው ጉልበት 40 ኪሎ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጋር ይተካከላል፤ በሽቦ ታስሮ የሚፈታውን ሞላ በዚህ ዓይን ይመልከቱት። ትክክለኛ መጭመቂያ የሌለው ጋራዥ ከሆነ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። የክንዶቹ ላስቲኮች ብሎን የሚጠብቀው መኪናው በክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ሳይሆን በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ ላስቲኩ ሁልጊዜ ተጠማዝዞ ይኖርና በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ማረፊያ ጎማውን አውጥቶ የሚጥል መካኒክ ካለ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ።

ሥራው እንዳበቃ ከቸርኬው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም በኩል በሜትር ይለካ፤ በወረቀትም ይጻፍ። ከሳምንት በኋላ ሞላው ቦታውን ሲይዝ እንደ ገና ተለክቶ፣ ከዚያ በኋላ የመንኰራኩሮቹ አቅጣጫ በመሣሪያ ይስተካከል፤ አስቀድሞ የተስተካከለ እንደ ሆነ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ከዚህም ቀጥሎ አራት ወዳጆችን አሳፍሮ፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ግራ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙሮ፣ በሰፈር ጉብታ ላይ በዝግታ መሻገር ነው። ጎማው ፓራፋንጎውን የሚነካ ከሆነ ድምፁ ይሰማል።