ሙሽራይቱንስ ማን ጠየቃት?

የፍቅር ፊልም አይታችሁ ስትጨርሱ መጀመሪያ የምትከራከሩት በምን ላይ ነው? በባቲ ከተማ ከወጣቶች ጋር ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ የሕንድ ፊልም አለ። ታላላቆቻችን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበው ያዩት፣ ታናናሾቻችን ደግሞ በስልካቸው የሚያዩት «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ነው። ስሙ ስለሚረዝም በዚህ ጽሑፍ «ዲልዋሌ» እንበለው። የርዕሱ ትርጉም «ልበ ሙሉዎች ሙሽራይቱን ይወስዳሉ» እንደማለት ነው። እኛ አገር ደግሞ ሴት ልጅ «ተወሰደች» ሲባል ሠርግም ሊሆን ይችላል፣ ጠለፋም ሊሆን ይችላል። ክርክሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ፊልሙ በአጭሩ

«ዲልዋሌ» እ.ኤ.አ. በ1995 ለዕይታ የበቃ፣ አዲትያ ቾፕራ በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው፣ ሻህሩክ ካንና ካጆል የተወኑበት፣ ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው። ሙምባይ ከተማ በሚገኘው ማራታ ማንዲር ሲኒማ ቤት ከ1,000 ሳምንታት በላይ ታይቷል።

ሲምራን ከቤተሰቧ ጋር ለንደን ትኖራለች። አባቷ ገና ልጅ ሳለች ፑንጃብ ላለው ወዳጁ «ልጄን ለልጅህ» ብሎ ቃል ገብቷል። ከሠርጉ በፊት አባቷን ለምና የአንድ ወር የአውሮፓ ጉዞ ትሄዳለች። እዚያ ራጅን ታገኘዋለች። ራጅ ትምህርቱን የወደቀ፣ ቀልደኛና ሰው ማብሸቅ የሚወድ የሀብታም ልጅ ነው። መጀመሪያ ይጣላሉ፣ በኋላ ይዋደዳሉ። አባት ነገሩን ሲሰማ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ፑንጃብ ይገባል። ራጅም ተከትሎ ይሄዳል፤ ማንነቱን ደብቆ ከሠርገኛው ጋር ይቀላቀላል። ሲምራን «ይዘኸኝ ጥፋ» ትለዋለች። እናቷም ወርቋን አውጥታ ሰጥታ «ሂዱ» ትላቸዋለች። ራጅ ግን አባቷ ሳይፈቅድ አልወስዳትም ይላል። በመጨረሻ ባቡር ጣቢያ ላይ አባትየው አጥብቆ የያዘውን የልጁን እጅ ይለቃል።

ሦስት ዓይነት አስተያየት

በውይይቶቻችን የሰማኋቸው አስተያየቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ «ራጅ ፈሪ ነው» ይላሉ። «ልጅቷ እሺ ብላ፣ እናት መርቃ፣ ወርቁ እጁ ገብቶ ከዚህ በላይ ምን ይጠብቃል?» ነው ጥያቄያቸው። ሁለተኛዎቹ «የለም፣ ጨዋ ነው» ባዮች ናቸው። «ሽማግሌ መላክ የኛም ወግ ነው፤ ተደብቃ የወጣች ልጅ ኑሮ ሲከብዳት የምትመለስበት ቤት የላትም» ይላሉ።

ሦስተኛውን አስተያየት በብዛት የሚያነሱት ሴቶች ልጆች ናቸው። «አባት ተጠየቀ፣ እናት ተናገረች፣ እሷንስ ማን ጠየቃት?» ይላሉ። ወንዶቹ «እሷማ ትወደው የለ እንዴ፤ ምኗ ይጠየቃል!» ብለው ሲስቁ አንዲት ልጅ የሰጠችውን መልስ ላካፍላችሁ። «በሰኞ ገበያ እኮ ሻጭም ይናገራል፣ ገዢም ይናገራል። የማትጠየቀው ፍየሏ ብቻ ናት» አለች። ቤቱ ፀጥ አለ።

እስቲ ሦስቱንም እንመርምራቸው።

የመጀመሪያዎቹ «ይዟት ይጥፋ» ሲሉ ያላሰቡት ነገር አለ። ከቤተሰቧ ተደብቃ የጠፋች ልጅ በማታውቀው ከተማ ገንዘብም ዘመድም ሳይኖራት በአንድ ሰው እጅ ላይ ትወድቃለች። በዚያ ሁኔታ ላይ ያለች ሴት «መጀመሪያ እንመርመር» ወይም «ኮንዶም እንጠቀም» ለማለት ድፍረቱን ከየት ታመጣዋለች? ስለዚህ የራጅ እምቢታ ፈሪነት ነው ብዬ አላምንም።

ሁለተኛዎቹም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የወላጅ ምርቃት ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የወላጅ እሺታ የልጅቷን እሺታ አይተካም። በ1987 ዓ.ም. የፀደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም ለወንድም ለሴትም የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሙላት እንዳለበት አስቀምጧል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለጋብቻ ሲባል የሚፈጸም ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። «በኋላ ተጋብተናል» ማለትም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም።

ሦስተኛዎቹ ናቸው ነገሩን ከሥሩ የያዙት። ሲምራን ሁለት ጊዜ ተወስኖባታል። አንደኛ፣ አባቷ በልጅነቷ ሳይጠይቃት አጫት። ሁለተኛ፣ «እንሂድ» ብላ ፍላጎቷን ስትናገር ራጅ «አይሆንም» ብሎ ጉዳዩን ከአባቷ ጋር ሊጨርስ ሄደ። ራጅ ቅን ልብ ስላለው ነገሩ በደስታ አለቀ። እያንዳንዱ ወንድ ግን ራጅ አይደለም።

ያቺ ሌሊት

ብዙዎቻችን የሕንድ ፊልም የምናየው ሕንድኛ ሳንሰማ፣ ከተዋንያኑ ፊት እያነበብን ነው። ለዚህም ይመስለኛል አንድ ቦታ ላይ ተመልካች ሁለት የሚሆነው። በአውሮፓው ጉዞ ባቡር አምልጧቸው ሁለቱ ብቻቸውን ያድራሉ። ሲምራን ብርዱን ለመቋቋም መጠጥ ትቀምስና ትሰክራለች። ጠዋት የራጅ ክፍል ውስጥ ትነቃለች፤ ምን እንደሆነ ግን አታስታውስም። ራጅ «ሌሊት አብረን ነበርን» ብሎ ያሾፍባታል። ስታለቅስ ደንግጦ ቀልድ መሆኑን፣ ምንም እንዳልነካት ይነግራታል።

ወንዶቹ እዚህ ጋ ይስቃሉ፤ ሴቶቹ አይስቁም። የማይስቁት ቀልድ ስለማያውቁ አይደለም። ማታ የሆነውን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ስለሚገባቸው ነው። ፊልሙ ላይ ሲምራንን ያዳናት የልጁ ጨዋነት ብቻ ነው። በመጠጥም ሆነ በጫት ምርቃና ውስጥ ያለ ሰው ስለ ኮንዶም የማሰብ አቅሙ ይዳከማል፤ የሰከረ ወይም ራሱን ያላወቀ ሰው ዝምታም እሺታ አይደለም።

እንዲህ ዓይነት ነገር በእውነት ቢደርስስ? ማልቀስና መደበቅ መፍትሔ አይሆንም። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በኤች.አይ.ቪ. እንዳይያዙ የሚያደርገው የመከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሆናል፤ ለ28 ቀናትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ያልተፈለገ እርግዝናን ለመከላከልም እዚያው እርዳታ ይገኛል።

«እሺ» ከመባሉ በፊት

ወጣቶች ሆይ፤ እጮኛችሁን «ትወደኛለህ?» ወይም «ትወጂኛለሽ?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። መቼ ልንጋባ እንፈልጋለን? ትምህርቱስ? አብረን ተመርምረናል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ፍቅር አያቀዘቅዙም። ምርመራው አንዳችን ሌላውን ለመጣል የሚደረግ አይደለም። ቫይረሱ በደሙ የተገኘበት ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ ሲወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ሲደርስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ማግባትም፣ በሕክምና ክትትል ጤናማ ልጅ መውለድም ይችላል።

ዕድሜሽ 18 ሳይሞላ ታጭተሽ ከሆነ ደግሞ ብቻሽን አትጨነቂ። ለምታምኚው መምህር፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለፖሊስ ወይም በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው ጽ/ቤት ተናገሪ።

«ዲልዋሌ»ን ዳግመኛ ስታዩ፣ ወንድና ሴት ተቀላቅላችሁ ተቀመጡ። አባትየው እጇን የሚለቅበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ፊልሙን አቁሙና ተጠያየቁ፤ ያ እጅ መጀመሪያውኑ መያዝ ነበረበት ወይ? ሴቶቹ ቀድመው ይመልሱ። ወንዶቹ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያዳምጡ።