ባትሪው በስንት ሰዓት ይሞላል?

ጣሪያው ላይ ሶላር ያሰቀለ ሰው ማታ ኃይል ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያስበው ፓኔል መጨመርን ነው። ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ይመክራል። ከዚያ በፊት ግን ኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ በነጻ የሚነበብ አንድ ነገር አለ፤ ባትሪው በስንት ሰዓት እንደሚሞላ።

በበጋ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት የሚሞላ ከሆነ የጎደለው ፓኔል አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሊገኝ የሚችለው ኃይል ተቀባይ አጥቶ ይቀራል፤ ተጨማሪ ፓኔል ቢሰቀልም የሚባክነውን ነው የሚያበዛው። 9 ሰዓት ሆኖም ገና ግማሽ ላይ ከሆነ ደግሞ ችግሩ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ይፈለግ። ጥላ ይሆናል፣ አቧራ ይሆናል፣ የላላ ማያያዣም ይሆናል።

አራት ባለ 550 ዋት ፓኔሎች፣ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪና ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ያለውን የአዲስ አበባ ቤት ለምሳሌ ብንወስድ፣ ጥርት ባለ የበጋ ቀን ከ9 እስከ 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያመርታል። ባትሪው ባዶ ሆኖ ቢያድር እንኳ ከዚህ የሚያስቀምጠው ግማሹን ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ፀሐይ እያለች ሥራ ላይ ካልዋለ የለም።

የማታው ፍጆታ ደግሞ ሰው እንደሚፈራው ብዙ አይደለም። ስድስት ባለ 9 ዋት አምፖሎች አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ 270 ዋት ሰዓት ነው። 80 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ለአምስት ሰዓት ሲበራ 400 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባትሪውን የሚያራቁተው ካውያው፣ የውሃ ማሞቂያውና የኤሌክትሪክ ምድጃው ወደ ምሽት ሲገፉ ነው። ልብስ ማጠብና መተኮስ፣ ላፕቶፕ መሙላት፣ ወጥ መሥራት የሚቻለው ሁሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሠራ፣ ኃይሉ ባትሪው ውስጥ ሳይገባ ከፓኔሉ በቀጥታ ወደ ሥራው ይሄዳል። ባትሪ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ኃይል በመንገዱ ላይ መቀነሱ አይቀርም፤ ባትሪውም በየጊዜው ያረጃል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በመሆኑ፣ በቀን ከጣሪያ የተገኘ እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከቆጣሪው ላይ የሚቀንሰው ሒሳብም እያደገ ነው።

ስለ እንጀራ ምጣድ እውነቱ ይነገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር አይችለውም፤ ትልቅ ኢንቨርተር ቢገዛለትም አንድ ጋገራ የአንድን ቀን ባትሪ ይጨርሳል። ለተራ ቤተሰብ የሚያዋጣው ምጣዱን ለመብራት ኃይል ትቶ ሶላሩን ለሌላው ሁሉ ማዋል ነው።

የውሃ ፓምፕ ግን ለሶላር የተፈጠረ ይመስላል። ቀትር ላይ ሠርቶ ጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ ከሞላ፣ ቤተሰቡ ማታ የሚታጠብበት ውሃ በቀን ፀሐይ የተሳበ ነው። ሮቶው ኬሚካል የሌለው፣ በሙላትና በመጉደል የማያረጅ ባትሪ ሆነ ማለት ነው። ፓምፕና ፍሪጅ ሲነሡ ከመደበኛ ፍጆታቸው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ለቅጽበት ስለሚስቡ፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዳይነሡ ማድረግ ኢንቨርተሩን ከመጥፋት ያድነዋል።

ይህ የቀን ሥራ ጉዳይ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ትርፉን ኃይል ወደ መስመሩ ሲመልሱ በጥሩ ዋጋ ይታሰብላቸው ነበር። ከኤፕሪል 2023 አጋማሽ ጀምሮ ለአዲስ ተመዝጋቢዎች የሚታሰበው ዋጋ በአማካይ ወደ ሩብ ገደማ ስለወረደ፣ እዚያም ልብስ ማጠቢያውንና የመኪና ቻርጁን ወደ ቀትር ማምጣት ግድ ሆኗል።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ተመጋቢ ራሱ ኢንቨርተሩ ነው። ምንም ባይሰካበትም፣ ከ3 እስከ 5 ኪሎዋት የሆኑት ሳይጠፉ ሲያድሩ 50 ዋት ያህል ሊወስዱ ይችላሉ። ይህ በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ጥሩ ፍሪጅ በቀን ከሚፈልገው አያንስም። ሌሊት የሚሠራ ነገር በሌለበት ቤት ማጥፋት ወይም የኃይል ቆጣቢ ቅንብሩን ማብራት ባትሪውን በእጅጉ ይጠቅማል።

ወደ ጣሪያው እንውጣ። ፓኔል ወደ ደቡብ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ያዘንብል የሚለው ምክር የተጻፈው ለአውሮፓ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ወደ ደቡብ አብዝቶ ያጎነበሰ ፓኔል ኃይል በሚፈለግበት በክረምት ለፀሐይ ጀርባውን ሰጠ ማለት ነው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል፤ 2 ሜትር ለሚረዝም ፓኔል የላይኛው ጫፍ ከታችኛው 35 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ሲል 10 ዲግሪ ይሆናል። ዝናብ አጥቦት እንዲወርድ ግን ከዚያ በታች አይተኛ። ጣሪያው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚያዘነብል ቤትም አይዘን፣ በዚህች ትንሽ ዝንባሌ የሚጎድልበት ጥቂት ነው። እንዲያውም በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ስለሚበረታ ወደ ምሥራቅ የዞረው የጠዋቷን ፀሐይ ይይዛል።

ጥላ ከሁሉ የከፋ ጠላት ነው። በመስመር የተቀጣጠሉ ፓኔሎች ውስጥ የሚያልፈው ጅረት አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ሲጋረድ ጉዳቱ ለሌሎቹም ይተርፋል። በአንድ ፓኔል ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መተላለፊያ ዳዮዶች አሉ፤ አንድ ረድፍ በጥላ ሲሸፈን የፓኔሉ ሢሶ ከሥራ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሮቶው፣ የሳተላይት ዲሹና የጎረቤት ባህር ዛፍ ይታዩ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላ የሚወድቀው ወደ ሰሜን ነው፤ ሮቶው ከፓኔሎቹ በስተሰሜን ቢቀመጥ ይሻላል። ባዶ ቦታ ላይ አዲስ ፎቅ የሚነሣበት ሰፈር ከሆነም ይህ ከመጫኑ በፊት ይታሰብ።

ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ አቧራው ይከማቻል፤ በተለይ የታችኛው ጠርዝ ላይ ጭቃ ሆኖ የሚደርቀው ያንኑ የጥላ ጉዳት ያደርሳል። በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ኦሞና የብረት መፈግፈጊያም ገጹን ያበላሻሉ።

ሙቀትም የፓኔሉን ምርት ይቀንሳል። ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ዋት በ25 ዲግሪ የተለካ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ያህል ይወርዳል። ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ 65 ዲግሪ የደረሰ ፓኔል 14 በመቶውን አጥቷል። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ክፍተት መተው ለሰመራና ለድሬዳዋ ግዴታ ነው፤ ለደጋውም ይጠቅማል።

ስለ ባትሪ ባጭሩ፦ የእርሳስና አሲዱ ከግማሽ በታች አይውረድ፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌቱ ግን እስከ 80 በመቶው ቢወጣ ይችላል። ኢንቨርተሩ ላይ የባትሪው ዓይነት በትክክል መመረጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አሮጌና አዲስ ባትሪ አይቀላቀል።

ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ግን ደኅንነት ነው። መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩን በገመድ ወደ ግድግዳ ሶኬት መልሶ ቤቱን በሙሉ ማብራት በየሰፈሩ ይታያል። ያ ኃይል በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ ትራንስፎርመር ሲያገኝ ወደ 15,000 ቮልት ሊወጣ ይችላል፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። የሶላሩንና የመብራት ኃይልን መስመር የሚለያይ ቼንጅ ኦቨር ቤትዎ ውስጥ ከሌለ፣ እባክዎ ፓኔል ከመጨመርዎ በፊት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ያስገጥሙ።