አባቴ ቁጥሩን ከፍ ያደረጉት ለማጥበቅ ነበር

በ2005 ዓ.ም. ቤታችን ውስጥ የነበረው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ እሱም ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔም እናቷም ሥራ ስለምንውል ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታገኘው አያቷን ነው። አባቴ ረጅም ዘመን መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ መነጽራቸውን አድርገው፣ ወንበራቸውን ስበው ከጎኗ ይቀመጣሉ። እሷ ስለ አንበሳና ስለ ዓሣ ነባሪ ትፈልጋለች፣ እሳቸው ጮክ ብለው ያነቡላታል።

ሙያዬ ኮምፒውተር ነውና ለልጅ የማይሆን ነገር ቤታችን እንዳይገባ ብዬ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በፕሮክሲ ሰርቨርነት አዘጋጀሁ። ፕሮክሲ ማለት በቀላሉ ተላላኪ ማለት ነው። የልጅቷ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ኢንተርኔት አይወጣም፤ የሚፈልገውን ለተላላኪው ይነግረዋል፣ ተላላኪው ሄዶ ያመጣለታል። አታምጣ የተባለውን ግን አያመጣም።

ተላላኪው ላይ ዳንስጋርዲያን የሚባል የማጣሪያ ሶፍትዌር ጫንኩ። ይህ ሶፍትዌር የሚመጣውን ገጽ ቃላት እያነበበ ነጥብ ይሰጣል። መጥፎ ቃል ነጥቡን ይጨምራል፣ ስለ ጥሩ ጉዳይ የሚያወራ ቃል ይቀንሳል። ድምሩ ከተቀመጠለት ወሰን ካለፈ ገጹ ይከለከላል። እኔ በሌለሁበት ሰዓት አባቴ እንዲያስተካክሉት ብዬ ደግሞ በአማርኛ አንድ ትንሽ ገጽ ሠራሁላቸው። ገጹ ላይ የነበረው ይህ ብቻ ነው፦ «የብልግና ወሰን፦ 50»።

አንድ ቀን አባቴ አንድ ያልወደዱት ማስታወቂያ ያያሉ። ይጥበቅ ብለው ቁጥሩን ወደ 160 ከፍ አደረጉት። ምን ያድርጉ? አጥር ከፍ ሲል ነው የሚጠብቀው። በዚያ ሶፍትዌር ግን ቁጥሩ የአጥር ከፍታ አይደለም፤ ገጹ ሳይከለከል ሊይዝ የሚችለው የብልግና ነጥብ መጠን ነው። ቁጥሩ ሲያድግ በሩ ይሰፋል። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው መመሪያ በግልጽ ይናገራል፦ 50 ለትንሽ ልጅ፣ 100 ለአደገ ልጅ፣ 160 ለወጣት። ይህን እኔ በቃሌ አውቀው ነበር። ገጹ ላይ ግን አልጻፍኩትም።

በሦስተኛው ቀን ልጄ አንዲት ሥዕል ስትነካ ለአዋቂ እንኳ የሚያሳፍር ገጽ ተከፈተ። ጽሑፉ ጥቂት፣ ፎቶው ብዙ ስለነበር ድምሩ ከ50 ቢበልጥም 160 አልሞላም። አባቴ ዘለው ተነስተው ሶኬቱን ነቀሉት። ልጅቷ የምትቆጣ መስሏት አለቀሰች።

ማታ ስገባ አባቴ በረንዳ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ገብቼ ሳየው 160 ይላል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ራሴ የጻፍኩትን ገጽ እንደገና አነበብኩትና ሳቁ ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ብነግራቸውም አልሰሙኝም። «እኔ ከነካሁት አበላሻለሁ» ብለው ለአንድ ወር ያህል ወደ ኮምፒውተሩ አልቀረቡም። ልጄም ብቻዋን መቀመጥ አልወደደችም። የከሰዓቱ ንባብ ቀረ። እኔን ከሁሉም በላይ የቆጨኝ ይህ ነው።

አንድ እሁድ ከቡና በኋላ «አባዬ፣ ገጹን እንደገና ልጽፈው ነው፤ ይመልከቱልኝ» አልኳቸው። የመጀመሪያው ሙከራዬ እንዲህ ይል ነበር፦ «ያልተፈቀዱ ገጾችን አለመከልከል፦ አዎ / አይ»። ሁለት ጊዜ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አዎ ስል ምን ማለቴ ነው? ተከልክሏል ነው ወይስ አልተከለከለም? እኛ ቢሮ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢመጣ ለጻፈው ሰው መልሰን እንልከው ነበር።»

መለሱልኝ፤ እንደገና ጻፍኩ። በመጨረሻ ቁጥሩን ደብቄ ሦስት ምርጫ አስቀመጥኩ። «ለትንሽ ልጅ፦ ጥብቅ። አንዳንድ ጥሩ ገጾችም ሊከለከሉ ይችላሉ።» «ለአደገ ልጅ፦ መካከለኛ።» «ለወጣት፦ ላላ ያለ። ለትንሽ ልጅ የማይሆን ነገር ሊያልፍ ይችላል።» ውስጡ ያው 50፣ 100 እና 160 ነው። ምርጫው ሲቀየር «አሁን ጥብቅ ነው፤ ወደ ላላ ሊቀይሩት ነው፤ ይቀየር?» ብሎ ይጠይቃል። ከሥሩ «ወደነበረበት መልስ» የሚል ቁልፍ አለ።

ጨረስኩ ብዬ ስነሳ አባቴ አንድ ጥያቄ ጨመሩ፦ «መብራት ሄዶ ሲመጣስ?»

አላሰብኩበትም ነበር። ተላላኪው ሲነሳ ማጣሪያው ባይነሳ ሁሉም ነገር ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ማጣሪያው ካልሠራ ኢንተርኔቱም እንዳይሠራ አደረግሁት።

ይህ ጥያቄ የእኛን ሙያ ሰዎችም ሲያስቸግር የኖረ ነው። ስኩዊድ የሚባለው እውቅ የፕሮክሲ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አለ። ፍቀድና ከልክል የሚሉ ትእዛዞችን በተርታ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ መጀመሪያ የገጠመውን ይፈጽማል። አንዱም ካልገጠመው ግን የመጨረሻውን መስመር ተቃራኒ ያደርጋል። የመጨረሻው መስመር «ይህን ከልክል» የሚል ከሆነ ያልተጠቀሰው ሁሉ ይፈቀዳል ማለት ነው። ሱቅ የላኩት ልጅ «ከረሜላ እንዳታመጣ» ስላልነው ሌላው ሁሉ ተፈቅዶልኛል እንደሚለው መሆኑ ነው። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በመጨረሻ «ሁሉንም ከልክል» ብለው የሚዘጉት ለዚህ ነው። ሰው ረስቶ የተወው ነገር ወዴት እንደሚያደላ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ዛሬ ያ ዓይነት ማጣሪያ የድሮውን ያህል አይሠራም። አብዛኛው ድረ ገጽ ተመስጥሮ ስለሚመጣ ተላላኪው ብዙውን ጊዜ የገጹን አድራሻ ስም እንጂ ቃላቱን ማንበብ አይችልም። የልጁ ስልክ በሞባይል ዳታ ከወጣ ደግሞ ጭራሽ በቤታችን ተላላኪ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ማጣሪያ ገጥሜያለሁ ብሎ መተኛት አይቻልም፤ ከጎን መቀመጡን የሚተካ ነገር አላገኘሁም።

ሆኖም ስልኩም ቴሌቪዥኑም የልጆች መቆጣጠሪያ ይዘው እየመጡ ነው፤ የገጠመላችሁ ሰውም «እዚህ ጋ ብቻ ይንኩ» ብሎ ይሄዳል። ሳይሄድ ሦስት ነገር ጠይቁት። ይህን ብነካው ምን ይሆናል? ምንም ባልነካው፣ ወይም መብራት ሄዶ ቢመጣ ምን ይሆናል? ብሳሳት እንዴት እመለሳለሁ? መልሱ ካልገባችሁ የአስረጂውን ወይም የጻፊውን ሥራ ነው እንጂ የእናንተን ዕድሜ አትውቀሱ። ከቻላችሁ መልሱን በራሳችሁ ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ከመሣሪያው አጠገብ ለጥፉት።

ገጹ ከተስተካከለ በኋላ አባቴ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ንባቡም ቀጠለ። ልጄ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፤ አባቴም የራሳቸው ስማርት ስልክ አላቸው። ባለፈው ሳምንት ስልካቸውን አቀበሉኝ። ስክሪኑ ላይ «ፈቃድ ይሰጣሉ?» ይላል።

«ለማን? ለምን ያህል ጊዜ? አልጻፉም እኮ» አሉና መልሰው ተቀብለውኝ «አይ» የሚለውን ነኩት።