የቆመ መኪና ባትሪ በሒሳብ ከተጠቀሙበት ያገለግላል፣ ያለ ሒሳብ ግን ጭነት ያስቀራል

ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ተነሥቶ አየር ጤናን በማለፍ ወደ ሰበታ፣ ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ የሚዘልቀው መንገድ የገጠሩን ምርት ከከተማው ገበያ ጋር ከሚያገናኙት ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው። በዚህ መንገድ አትክልት፣ እህል፣ ወተትና አጠና የጫኑ መኪናዎች ሌሊትና ቀን ይመላለሳሉ። ከእነዚህም መካከል ገበያው እስኪከፈት ወይም የመልስ ጭነት እስኪገኝ ድረስ በየመንገዱ ዳርና በየግቢው ቆመው የሚያድሩ አሉ። መኪናው ቆሞ ሲያድር ሾፌሩ፣ ረዳቱና አብሮ የመጣው ባለ ምርት ስልካቸውን፣ ራዲዮናቸውንና የእጅ መብራታቸውን የሚሞሉት ከዚያው መኪና ባትሪ ነው።

ይህ ልማድ በራሱ ነውር የለበትም። ጉዳት የሚመጣው ከባትሪው ምን ያህል እንደሚወሰድ ሳይታሰብ ሲቀር ነው። ንጋት ላይ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ዝም ያለ እንደሆነ፣ የሚገፋ ሰውና ባትሪ የሚያውስ መኪና ሲፈለግ ገበያው ያልፋል። በማለዳ በጥሩ ዋጋ ሊሸጥ የነበረው ጎመን ይጠወልጋል፤ ወተቱም ይበላሻል። ስለዚህ የባትሪው ጉዳይ የሾፌሩ ብቻ ሳይሆን በመኪናው ላይ ምርቱን የጫነው አርሶ አደር ጉዳይም ነው።

ስልክ የእርሻ መሣሪያ ሆኗል

እንደሚታወቀው ሁሉ ቀድሞ ባለ ምርቱ ወደ ከተማ ሲመጣ የሚያስፈልገው ጭነቱና ስንቁ ነበር። ዛሬ ግን ስልኩ ከጠፋበት ሥራው ይስተጓጎላል። የገበያ ዋጋ የሚጠይቀው፣ ደላላውንና ነጋዴውን የሚያገኘው በስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሽያጩን ገንዘብ በስልክ የሚቀበል አርሶ አደር ተበራክቷል። ከዚያም አስቀድሞ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው የ8028 የስልክ መስመር፣ ገበሬው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ በገዛ ቋንቋው የባለሙያ ምክር በስልክ እንዲያዳምጥ መንገድ ከፍቶለት ነበር። ባትሪው የሞተ ስልክ እንግዲህ በኪስ ውስጥ እንዳለ ባዶ ቦርሳ ይቆጠራል።

በሌላ በኩል የመብራት መቋረጥ ለከተማውም ለገጠሩም እንግዳ ነገር አይደለም። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመቀነሱ የ476 ሜጋዋት ጉድለት ተፈጥሮ በመላ ሀገሪቱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ መታደሉ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም ኃይል የማመንጨት አቅም ስላደገ ብቻ በየሰፈሩ ያለው መስመርና ትራንስፎርመር አይታደስም፤ መንገድ ዳር ለቆመ መኪናም ሶኬት አይደርሰውም። ስለሆነም የመኪና ባትሪ ለጊዜውም ቢሆን የብዙ ሰው መጠባበቂያ ሆኖ ይቆያል።

ባትሪው የተሠራው ለምንድን ነው?

ዛሬ በመኪና ላይ የምናየው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የፈለሰፈው ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ግን ይነሡ የነበረው በእጅ በሚዞር ብረት፣ ማለትም በማኖቬላ ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ከዋለ በኋላ፣ ባትሪው ሞተር የማስነሣት ኃላፊነት ተሰጠው።

ይህ ሥራ ደግሞ አጭርና ከባድ ነው። ሞተር ሲነሣ ባትሪው ለጥቂት ሴኮንዶች 100፣ 200፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አምፔር ይሰጣል። ለዚህ ሲባል በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ስስና ብዙ ሆነው ይሠራሉ። ስስ ሰሌዳ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ለመልቀቅ ይመቸዋል፤ ቀስ በቀስ እስከ መጨረሻው ቢጠባ ግን ይጎዳል። ለፀሐይ ኃይል ተብሎ የሚሸጠው ባትሪ ሰሌዳው ወፍራም የሆነው ሌሊቱን ሙሉ እንዲጠባ ታስቦ ስለሆነ ነው። ሁለቱ ባትሪዎች በመልክ ቢመሳሰሉም አንዱ እንደ ሯጭ ፈረስ፣ ሌላው እንደ ጭነት አጋሰስ ናቸው።

በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። የውስጥ መብራቱ በርቶ፣ ራዲዮኑም እየዘፈነ ከሆነ ባትሪው ደኅና ነው ይላሉ። አንድ ትንሽ አምፖል የሚፈልገው ከ1 አምፔር ያነሰ ነው፤ ሞተሪኖው የሚፈልገው ግን ከዚያ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። አምፖል የሚያበራ ባትሪ ሁሉ ሞተር ያስነሣል ማለት አይደለም።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

በባትሪው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር መመልከት የመጀመሪያው ሥራ ነው። የአንድ ትንሽ የቤት መኪና ባትሪ 12 ቮልትና 45 አምፔር ሰዓት ነው እንበል። ሁለቱ ሲባዙ 540 ዋት ሰዓት ይሆናል። 70 አምፔር ሰዓት ያለው የፒክአፕ ወይም የሚኒባስ ባትሪ ደግሞ 840 ዋት ሰዓት ይይዛል።

ይህ ሁሉ ግን የሚወሰድ አይደለም። መኪናው በማግስቱ ያለ ችግር እንዲነሣ ከባትሪው ከሩብ በላይ አለመውሰድ ጥሩ መመሪያ ነው። በዚህ መሠረት ከትንሹ ባትሪ 135፣ ከትልቁ 210 ዋት ሰዓት ያህል መጠቀም ይቻላል።

አሁን ወጪውን እንይ። አንድ ዘመናዊ ስልክ ከባዶ እስኪሞላ በሚባክነው ጭምር 20 ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ባለ ቁልፉ ትንሽ ስልክ ግን 5 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። 5 ዋት የምትወስድ የኤልኢዲ መብራት 4 ሰዓት ብትበራ 20 ዋት ሰዓት ነው። ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ለመሙላት ከ60 እስከ 80 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ከትንሹ መኪና ስድስት ዘመናዊ ስልክ፣ ከፒክአፑ ደግሞ አሥር ስልክ ቢሞላ ባትሪው ይችለዋል።

በአንጻሩ የመኪናው ሁለት የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ በአንድ ሰዓት ብቻ 110 ዋት ሰዓት ይበላሉ። ለጭነት ማውረጃ ተብሎ ሞተር ጠፍቶ የፊት መብራት ለሁለት ሰዓት ቢበራ ከአሥር ስልክ የበለጠ ኃይል ይሄዳል። ባትሪውን የሚገድለው ስልኩ ሳይሆን ብዙ ጊዜ አብሮት የሚበራው ሌላው ነገር ነው።

አንድ ሌሊት ሲቆጠር

ለምሳሌ ያህል አንድ ፒክአፕ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ቆመ እንበል። 30 ዋት የሚወስድ ትንሽ ቴሌቪዥን በኢንቨርተር ለ4 ሰዓት ቢታይ 120 ዋት ሰዓት ይሆናል። አራት ስልኮች 80 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። 10 ዋት የሆነ የውስጥ አምፖል ለ5 ሰዓት ሲበራ 50 ዋት ሰዓት ይጨምራል። ኢንቨርተሩም ተረስቶ ካደረ ምንም ሳይሰካበት በሰዓት 6 ዋት ሰዓት ያህል ለራሱ ሊወስድ ይችላል፤ ይህም በ10 ሰዓት 60 ይሆናል። ከሚባክነው ጋር ጠቅላላው ወደ 330 ዋት ሰዓት ይደርሳል።

ባትሪው አዲስ ከሆነ ከ840ው ላይ አርባ ከመቶ ያህል ሄደ ማለት ነው፤ መኪናው ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ባትሪው አርጅቶ አቅሙ በግማሽ ቀንሶ ከሆነ ከሦስት አራተኛ በላይ ተወስዷል። በዚህ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ብርድ ሲታከልበት ነገሩ ይብሳል። ብርድ የባትሪውን ጉልበት ያዳክማል፤ የሞተር ዘይቱንም ያወፍረዋል። ባትሪው በደከመበት ሰዓት ሞተሩ ይከብዳል።

ኢንቨርተሩ ባትሪ ሲያልቅ ራሱን ያጠፋል ብሎ መተማመንም አይገባም። ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች የሚያቋርጡት ቮልቱ ወደ 10.5 ሲወርድ ነው። በዚያን ጊዜ ለሞተሪኖው የሚተርፍ ነገር የለም። ስልክን በኢንቨርተር ከመሙላት ይልቅ በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ በሚሰካ የመኪና ቻርጀር መሙላት ብክነቱ ያነሰ ነው።

ጥንቃቄ ለባለ 24 ቮልት መኪናዎች

ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን አከታትለው በማያያዝ በ24 ቮልት ይሠራሉ። ባለ 12 ቮልት ራዲዮን ወይም መብራት ለማሠራት ተብሎ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ ገመድ መዘርጋት አይገባም። እንዲህ ሲደረግ አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞላ ደግሞ የጎደለው ሳይሞላ ሙሉው ከመጠን በላይ ይሞላና ውሃው ይነናል። በመጨረሻ ሁለቱም ያለ ጊዜያቸው ይሞታሉ። ትክክለኛው መንገድ 24 ቮልትን ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ገዝቶ ከሁለቱም ባትሪዎች እኩል እንዲወስድ ማድረግ ነው። የስልክ ቻርጀርም ቢሆን 24 ቮልት እንደሚችል በላዩ ላይ መጻፉን ሳያዩ መሰካት አይገባም።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸውም ከዚህ ነፃ አይደሉም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። እነዚህም ከትልቁ ባትሪያቸው ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። በር የሚከፍተውና መኪናውን የሚቀሰቅሰው ይኸው ትንሹ ባትሪ ስለሆነ፣ እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይንቀሳቀስም።

ገመድ፣ ፊውዝና ጢስ

ከባትሪው በቀጥታ ገመድ የሚያወጣ ሰው ከፖዘቲቩ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ማስገባት አለበት። ገመዱ ተልጦ ከመኪናው ብረት ጋር ቢነካካ ባትሪው በመቶ የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ገመዱ ይግላል፤ መኪናውም ሊቃጠል ይችላል። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስና ክብሪት መጫር ክልክል ነው። አቺዶው ዓይንና ልብስ እንዳይነካም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ባትሪው እንዳይደክም ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ማሳደርም መፍትሔ አይሆንም። ሞተር ቆሞ ሲሠራ ነዳጁ በከንቱ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ጢሱ ነው። በጢሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። በተዘጋ ጋራዥ ወይም ጢስ በሚገባበት ጋቢና ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ስልክን መኪናው በሚጓዝበት ጊዜ መሙላት ነው። ያን ጊዜ ኃይሉ ከባትሪው ክምችት ሳይሆን በሞተሩ ከሚዞረው ጀነሬተር ይመጣል። ሲቆም የግድ ከሆነ ስልክና አንዲት የኤልኢዲ መብራት ብቻ ይበቃል። ከመተኛት በፊት ኢንቨርተሩ መጥፋቱን፣ የውስጥ አምፖሉና የፊት መብራቱ አለመብራታቸውን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ቴስተር ያለው ሾፌር ሞተር ከጠፋ ጥቂት ሰዓት በኋላ ባትሪውን ይለካ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል ማለት ነው። 12.4 ላይ ሲደርስ መጠቀም ማቆም ይገባል። የጎደለ ባትሪ ሳይሞላ ለሳምንታት ከተቀመጠ በሰሌዳዎቹ ላይ ጠጣር ሽፋን ስለሚጋገርበት እንደ ቀድሞው አይሞላም።

ባትሪው ደክሞ ከሌላ መኪና መበደር ካስፈለገ ሁለቱ መኪናዎች እኩል ቮልት መሆናቸው አስቀድሞ ይረጋገጥ፤ 24ን ከ12 ጋር ማገናኘት አደጋ ነው። መጀመሪያ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ይያያዛል። የመጨረሻው የኔጋቲቭ ጫፍ በደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከእሱ ራቅ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ይህም ብልጭታው ከጋዙ እንዲርቅ ነው። በግፊ ማስነሣት የሚቻለው ማርሹ በእጅ የሚለወጥ መኪና ብቻ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ ግን ሁለቱን ሥራዎች መለየት ነው። 50 ዋት የሆነች የፀሐይ ሰሌዳ በቀን 4 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብታገኝ ወደ 200 ዋት ሰዓት ትሰጣለች፤ ከዚህ ላይ የሚባክነው ቢቀነስም ለበርካታ ስልኮች ይበቃል። ይህችን ሰሌዳ ከአንድ ትንሽ የፀሐይ ባትሪና ከመቆጣጠሪያው ጋር በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ላይ መትከል ለአባላቱ ሁሉ ይጠቅማል። የጭነት መኪና ያላቸው ማኅበራት ቢያስቡበት፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ሲያስተምሩ ይህችን አጭር ሒሳብ ቢጨምሩበት፣ ወደ ከተማ የሚመጣው ምርት በአንድ ሌሊት ቸልተኝነት ከገበያ አይቀርም።